የአየርላንድ የዝናብ ምልክት ለጣና ይሠራል?

ጥያቄ፦ በታንኳ ከጣና ደንገል እያመጣሁ የምተዳደር ነኝ። አየርላንዶች «ጨረባ ዝቅ ብላ ከበረረች ይዘንባል፤ ጨረቃ በቀለበት ከተከበበች ይዘንባል፤ ምሽት ሰማዩ ከቀላ ነገ ብራ ነው» ይላሉ አሉ። ይህን አምኜ ልውጣ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሦስቱም አየርላንድ ውስጥ የቆዩ አባባሎች ናቸው። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ይህን መሰል ወግ በደብተር አስፍረዋል። ለጣና ግን እኩል አይሠሩም።

የምሽቱን መቅላት ይተዉት። አየርላንድን የሚያርሰው ዝናብ ባብዛኛው ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ይመጣል፤ ስለዚህ መጥለቂያው ጠርቶ ከቀላ ተከትሎ የሚመጣው አየር ደረቅ ነው። የጣና ክረምት እንዲህ አይደለም። ቀን ዝናቡ ተራራው ላይ ይበረታል። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከየዳሩ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ሞቃቱ ውኃ ላይ ሲገናኝ አየሩን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ነጎድጓዱም እዚያው ይፈላል። ቀይ ምሽት አይቶ ለሌሊት መውጣት ሕይወት ያሳጣል።

ቀለበቱን በእጅዎ ይለኩት። ክንድዎን ወደ ጨረቃ ዘርግተው ከጨረቃዋ እስከ ቀለበቱ አንድ ስንዝር ከሞላ፣ ከላይ ያለው የበረዶ ቅንጣት ደመና ነው። አየርላንድ ውስጥ ይህ ደመና ብዙ ጊዜ ዝናቡን አንድ ቀን ያህል ይቀድማል፤ በክረምት ጣና ላይ ግን ካለቀ ነጎድጓድ አናት የተረፈም ሊሆን ይችላል። ጨረቃዋን ተጠግቶ የሚታየው ባለ ቀለም ትንሽ ክብ የጠብታ ደመና ሥራ ነው፤ ከዚህ ጋር አይቁጠሩት።

ጅራተ መቀሷ ጨረባ ግን ልትፈተን ይገባታል፤ የምትከተለው ነፍሳትን ነውና እነሱ ሲወርዱ ትወርዳለች። ውኃ ላይ አይመልከቷት፤ እዚያ ለመጠጣትም ለማደንም ሁልጊዜ ዝቅ ትላለች። ከዳር ራቅ ባለ ማሳ ላይ፣ በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ለአሥር ደቂቃ ይዩና «ዝቅ» ወይም «ከፍ» ብለው ይጻፉ። ጠዋት ደግሞ «ዘነበ» ወይም «አልዘነበም» ይጨምሩ። ዝቅ ብላ ያልዘነበበትን ቀን መጻፍ አይርሱ፤ ሰው የሚያስታውሰው የሰመረውን ብቻ ስለሆነ ምልክት ሁሉ እውነት የሚመስለው በዚህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለፈተና አይሆኑም፤ ዝናቡ ከመደጋገሙ የተነሣ ዶሮ ብትጮህም «ይይዛል»። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይሞክሩት። «ዝቅ» ካሉባቸው ቀኖች መካከል ዝናብ የተከተላቸው ድርሻ፣ «ከፍ» ካሉባቸው መካከል ዝናብ ከተከተላቸው ድርሻ ካልበለጠ ጨረባዋንም ይተዉአት።

እስከዚያው ነጎድጓድ ከሰሙ ደንገሉ ባይሞላም ታንኳዎን ወደ ቅርቡ ዳር ይመልሱ።