ስለ ቪክስበርግ ከበባ ብዙም የማይነገረው

በአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ስለ ቪክስበርግ ከበባ ብዙ ሰው የማያውቀውን ንገሩኝ ላልከው ወንድሜ፦ ጭነት መኪና ስለምነዳ ከተማዋ መንገዴ ላይ ናት። ጊዜ ካገኘሁ የጦር ሜዳውን ፓርክ ሳላይ አላልፍም።

ዋናው ታሪክ የታወቀ ነው። የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት በ1863 ከሜይ 18 ጀምሮ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችውን ከተማ ከበበ፤ ጁላይ 4 ቀን 29,500 ያህል የደቡብ ወታደር እጁን ሰጠ። እኔ ግን ስለ አፈሩ ልንገርህ።

የቪክስበርግ ኮረብታ ንፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር ነው። በጥፍር ስትፍቀው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ሲቆፈር ግን አይናድም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መድፉ ከየብስም ከወንዝም ሲዘንብ ነዋሪው ያመለጠው በዚህ አፈር ነው። ዋሻ ተቆፍሮ አልጋና ምንጣፍ ሳይቀር ገባበት። ያ ሁሉ ጥይት ወርዶ የሞተው ነዋሪ በጣም ጥቂት ነው። ዋሻውን በአብዛኛው የቆፈሩት ግን በባርነት የነበሩ ጥቁሮች ናቸው። ይህ ሲዘለል በጣም ያናድደኛል።

የሰሜኑ ጦርም ቆፍሯል። ከመሀላቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የነበሩትን መርጦ ደቡቦቹ ምሽግ ሥር ዋሻ አስገባ፤ 1,000 ኪሎ ገደማ ባሩድ አጭቆ ጁን 25 አፈነዳው። ምሽጉን ግን አልያዘም። ከፍንዳታዎቹ በአንዱ አብርሃም የሚባል በባርነት ያለ ሰው ከደቡቦቹ ወገን ተስፈንጥሮ ሰሜኖቹ መሀል ወደቀ። በሕይወት ተረፈ!

የጋዜጣውም ነገር አለ። ወረቀት ሲያልቅ የከተማው ጋዜጣ በግድግዳ ወረቀት ጀርባ መታተም ጀመረ። በጁላይ 2 እትሙ ግራንት ቪክስበርግ ገብቶ እራት ሊበላ አስቧል፣ ጥንቸል ለመቀቀል ግን መጀመሪያ ጥንቸሏን መያዝ ነው ብሎ ቀለደ። ከሁለት ቀን በኋላ የገቡት ወታደሮች ለማተም የተደረደረውን ፊደል እዚያው ማተሚያው ላይ አገኙት። ግራንት ጥንቸሏን ይዟል የሚል ማስታወሻ ጨምረው አተሙት።

ፓርኩ ውስጥ ያለውን የመቃብር ቦታ እንዳታልፈው። ወደ 17,000 የሰሜን ወታደር ተቀብሮበታል፤ ከአራቱ የሦስቱ ስም አይታወቅም። በነዚህ መቃብር ላይ ያሉት ቁጥር ብቻ የተቀረጸባቸው ትናንሽ አራት ማዕዘን ድንጋዮች ናቸው። ከተቀበሩት ሁሉ ከ7,000 በላይ የሚሆኑት ጥቁር ወታደሮች ናቸው። እዚያ ስሄድ ብዙ የምቆየው በነሱ በኩል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋን ዞሮ ለማለፍ የሰሜኑ ጦር ቦይ ቆፍሮ ሚሲሲፒን ሊያዞረው ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1876 ወንዙ ራሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ከተማዋን ጥሏት ሄደ። ስለዚህ ስትሄድ ግራ እንዳይገባህ፤ ዛሬ ከመሀል ከተማው ፊት ለፊት የምታየው ውሃ በ1903 በቦይ የመጣው የያዙ ወንዝ ነው። ሚሲሲፒን ለማየት ወደ ድልድዩ ውረድ።