ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

ጥያቄው ከአዳማ ነው የመጣው። ጠያቂዋ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ሰላም ጋሼ። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አለኝ፣ ትልቁ ቆሞ የሚቀመጠው። ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም ንድፌን ወደ ምስል ስቀይር፣ እየተንቀረፈፈ ስላስቸገረኝ መርካቶ ሄጄ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ካርዱ 8 ፒን የፓወር ገመድ ይፈልጋል፤ የኔ ፓወር ሰፕላይ ግን እንደዚያ ዓይነት ገመድ የለውም። ሻጩ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ የሚሰካ ኮንቨርተር ጨምሮ ሰጠኝ። ገጥሜ ሳበራው ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ካርዱን ሳወጣው እንደ ድሮው ይሠራል። ሞኒተሬ አሮጌ ነው፣ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። ካርዱ ሞቷል ማለት ነው?»

እህት ዓለም፣ ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፊና ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። ከዚያ ያንን ኮንቨርተር አውጥተሽ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ቀድመሽ ግን እሱን አውጪ።

ካርዱ ሞቷል ወይ ላልሽው፣ አይመስለኝም። አንቺ ጋ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ የሞኒተሩ ገመድ ነው፣ ሌላው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ካርዱን የምንጠረጥረው እነዚህ ሁለቱ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ፋኑ መዞሩ ደግሞ አያታልልሽ። ፋን ትንሽ ሞተር ነው፣ 12 ቮልት ካገኘ ይዞራል። ስንቱ ሰው «ፋኑ ይዞራል፣ ፓወር አለው» እያለ ዋናውን ጥፋተኛ ያሳልፈዋል መሰለሽ።

ከሞኒተሩ እንጀምር። 1660 ሱፐር ቪጂኤ፣ ማለትም የድሮው የሞኒተር ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ የለውም። ስለዚህ አንቺ ካደረግሽው ከሁለት ነገሮች አንዱን ነው። ምናልባት የቪጂኤ ገመድሽን እንደ ድሮው ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተሽው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጥቁር መሆኑ አይገርምም። እንዲህ ያሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ካርድ ሲገባላቸው ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የምስል መውጫ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይዘጉታል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ምስሉን በካርዱ በኩል እየላከ ነው፣ አንቺ ደግሞ በተዘጋው በር በኩል ትጠብቂያለሽ። መነሳቱን ማወቅ ከፈለግሽ ካበራሽው በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ታግሰሽ ኪቦርዱ ላይ ናም ሎክን ደጋግመሽ ተጫኚ። የናም ሎኳ መብራት ቦግ እልም ካለች ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው።

ወይም ደግሞ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ገመድ ገዝተሻል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ ቪጂኤ አናሎግ ነው። መሃል ላይ የሚተረጉም ቺፕ ከሌለ ሁለቱ አይግባቡም። ገበያው ላይ ግን ቺፕ የሌለው፣ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ በሌላው ጫፉ ሰማያዊ ቪጂኤ የተደረገለት ባዶ ሽቦ ሞልቷል። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ አይሠራም። ቺፕ ያለውን የምትለዪው አንደኛው ጫፉ ወፈር ያለ ሳጥን መሰል ነገር ስለሚሆን ነው። አንዳንዱም ከጎኑ ተጨማሪ ፓወር የሚወስድባት ትንሽ ቀዳዳ አላት።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከደብረ ብርሃን ኮምፒውተሩን በጆንያ ጠቅልሎ ተሸክሞ መጣ። ካርዱን ሁለት ጊዜ አስቀይሯል። ከሻጩ ጋር ተጣልቶ መነጋገር አቁመዋል። እኔ ምንም አልፈታሁም፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ ካለው ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁት። ምስሉ መጣ። ልጁ ወንበር ፈልጎ ቁጭ አለ። ጥፋተኛው በኪሱ ይዞት የመጣው ባዶ ሽቦ ነበር።

ስለዚህ ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ለአስር ደቂቃ ተዋሺ። አሁን ኮንቨርተሩን አውጥተሻል አይደል? ካርዱን ያለ 8 ፒን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መግቢያው (ስሎቱ) ላይ ብቻ ተይው። ቴሌቪዥኑን በኤችዲኤምአይ ከካርዱ ጋር አገናኝተሽ አብሪው። ብዙ የኤንቪዲያ ካርዶች (ያንቺም ቺፕ የእሱ ነው) የፓወር ገመድ ሲጎድላቸው «ኮምፒውተሩን አጥፍተህ የፓወር ገመዱን ሰካ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣሉ። እሱን ካየሽ እልል በዪ። ካርዱም ስሎቱም ደህና ናቸው፣ የጎደለው ፓወር ብቻ ነው። ጽሑፉ ባይመጣ ደግሞ አትደንግጪ፣ ሁሉም ካርድ አያወጣውም።

አሁን ወደዚያ ኮንቨርተር እንምጣ። ሒሳቡን ልንገርሽ። ካርዱ የሚገባበት ስሎት በደንቡ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። 1660 ሱፐር ሙሉ ሲሠራ 125 ዋት ይበላል። ቀሪውን የሚያገኘው በ8 ፒኑ በኩል ነው፤ 8 ፒን እስከ 150 ዋት እንዲያሳልፍ ነው የተሠራው። የሃርድ ዲስክ ገመድሽ፣ ማለትም ሳታ የሚባለው፣ 12 ቮልቱን የሚያሳልፈው በሦስት ቀጫጭን ፒኖች ነው። እያንዳንዷ 1.5 አምፔር። ተባዝቶ ሲደመር 54 ዋት ነው። ካርዱ ግን ከፊቱ ባለ 8 ፒን ሶኬት ስላየ 150 ድረስ መጠየቅ እንደሚችል ያምናል። ኮንቨርተሩ ይህን አይነግረውም፤ ዝም ብሎ ሽቦ ነው።

አንዳንዴ እንደ አንቺው ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ይሄ ደህናው ነው። መጥፎው ሲሠራ ነው። አንዱ ደንበኛዬ ሦስት ሳምንት ሠርቶለት ነበር። ከዚያ ሬንደር ላይ እያለ የሆነ የሚያፍን ሽታ መጣ። ከፍቼ ሳየው የሳታው ጥቁር ፕላስቲክ ቀልጦ ፒኖቹ ላይ ተጣብቋል፣ ቢጫው ሽቦ ቆዳው ቡናማ ሆኗል። ሃርድ ዲስኩም በዚያው መስመር ላይ ስለነበር አብሮ ሄደ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ እዚያ ውስጥ ነበር።

ፓወር ሰፕላይሽም ራሱ አይበቃም። የ7010 ትልቁ ኬዝ የሚመጣው በ275 ዋት ነው። ኤንቪዲያ ለ1660 ሱፐር የሚመክረው 450 ዋት ነው። ፕሮሰሰርሽ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ከሆነ እሱም ብቻውን እስከ 77 ዋት ይሄድበታል።

መፍትሔው ፓወር ሰፕላይ መቀየር ነው። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ። 7010 ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የተለመደውን 24 ፒን ነው፤ ተራው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ በኬዙ ውስጥ በብሎኑ ልክ ይቀመጣል። ከእሱ በኋላ የመጡት 3020፣ 7020 እና 9020 ግን የራሳቸው 8 ፒን ስላላቸው ሌላ መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋሉ።

ስትገዢ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኚ። ከጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቢ፣ 12 ቮልት ከሚለው ስር ስንት አምፔር እንዳለ እዪ። «450 ዋት» ተብሎ ተጽፎ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ፣ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ብቻ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚበላው በዋናነት ከ12 ቮልቱ ነው። በእጅሽም መዝኚው። ላባ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አዲሱ ላይ ተቀራራቢ የሚመስሉ ሁለት 8 ፒን ገመዶች ታገኛለሽ። 4 እና 4 ሆኖ የሚከፈለው የፕሮሰሰሩ ነው፤ ከእሱ አንዷን 4 ፒን ማዘርቦርዱ ላይ ትሰኪያለሽ። 6 እና 2 ሆኖ የሚከፈለው የካርዱ ነው። 12 ቮልቱና ኔጌቲቩ ቦታ ተቀያይረዋል። የፕሮሰሰሩን በግድ ካርዱ ላይ ካስገባሽ ሾርት ነው። አልገባም ካለሽ አትግፊው።

አንዳንዱ ሰው «ካርዱን መልሺና ፓወር ገመድ የማይፈልገውን 1650 ውሰጂ» ይልሽ ይሆናል። ለጌም ብቻ ቢሆን እኔም እላለሁ። ለአርክቴክቸር ሬንደር ግን የካርዱ ሜሞሪ ወሳኝ ነው። ያንቺ 6 ጊጋ ነው፣ 1650 ደግሞ 4 ጊጋ ነው። እኔ ፓወር ሰፕላዩን ነው የምቀይረው።

ካርዱን መልሰሽ ስትገጥሚ ከሁለቱ ረጃጅም ስሎቶች ለፕሮሰሰሩ በሚቀርበው፣ በሰማያዊው፣ አስገቢው። ቀጭ እስኪል። ከማስገባትሽ በፊት ግን የወርቅማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለሽ ፈግፍጊያቸው። ያገለገለ ካርድ ላይ የሰው ጣት ስብ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የዴል ምልክት እንኳ ካልመጣ ባዮሱ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ማለት ነው። ካርዱን አውጥተሽ ባዮሱን ወደ መጨረሻው እትም አሳድጊ። ማሽኑ የ2012 ሞዴል ነው፣ ካርዱ ግን የወጣው 2019 ላይ ነው። ድሮ የተጫነ ባዮስ አዲስ ካርድ ላይ አንዳንዴ ይደናበራል። ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ሳትሰኪ አትሞክሪው። ባዮስ ሲጫን መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱን ልታጪው ትችያለሽ፤ የኛን መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከዚያ የባዮሱ ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ 2032 የምትባለዋን፣ ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ አምስት ደቂቃ አውጥተሽ መልሺ።

የዴል ምልክት መጥቶ ዊንዶውስ ሊገባ ሲል ከጠቆረ ነገሩ ሌላ ነው። ያ የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጣጣ ነው፤ ካርዱም ፓወሩም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ናቸው። በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በአስፈላጊዎቹ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት መንገድ፣ ገብተሽ የቆየውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ አጥፊና አዲሱን ከኤንቪዲያ ገጽ አውርደሽ ጫኚ። ሁሉም ደህና ሆኖ ሬንደር ሲጀምር ብቻ ከጠቆረ ግን ተመልሰሽ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሪ።

ሻጩ የስንት ቀን ዋስትና እንደሰጠሽ አልጻፍሽልኝም። ያገለገለ ካርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀን ነው የሚሰጡት። አዲሱን ፓወር ሰፕላይ እስክታገኚ ቀኑ እንዳያልቅብሽ፣ በቂ ፓወር ያለው ኮምፒውተር ያለው የክፍል ጓደኛ ፈልጊና ካርዱን ዛሬውኑ እዚያ ሞክሪው። ግማሽ ሰዓት ሬንደር አሠሪው። እዚያም ጥቁር ከሆነ ያኔ ካርዱን ይዘሽ ወደ መርካቶ ተመለሺ፤ ኮንቨርተሩንም አብረሽ መልሺለት።