ማስኩና ጫማው የራስሽ ይሁን፣ ሌላውን ተከራዪ

እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤይላት የመጀመሪያውን የዳይቪንግ ኮርስ ልትወስጂ እንደሆነ፣ አንድ ሱቅ ሙሉ ዕቃውን ባንድ ላይ ልሽጥልሽ እንዳለሽ፣ ኮርሱን ጨርሰሽም ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ እንደምትበሪ ጽፈሻል። እኔ እዚሁ ኤይላት ለዓመታት ጠልቄያለሁ። ምክሬ ሙሉውን እንዳትገዢ ነው። ማስክና ጫማ ግዢ፤ የቀረውን ለጊዜው ተከራዪ።

ማስክ ላይ ጊዜ ስጪ። ብዙ ሰው ዋጋና ቀለም ያያል፤ ዋናው ግን ያንቺ ፊት ላይ መግጠሙ ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጪና ማስኩን ፊትሽ ላይ ለጠፍ አድርገሽ በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ሳቢ። እጅሽን ስትለቂው ሳይወድቅ ከቆየ ልክሽ ነው። ከዚያ የሬጉሌተር (ከአየር ታንኩ የምትተነፍሺበት ዕቃ) አፍ ወይም ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) ነክሰሽ ድገሚው፤ አፍ ሲከፈት የጉንጭ ቅርጽ ስለሚለወጥ ቅድም የገጠመው ሊያፈስ ይችላል። የአፍንጫው ኪስም አፍንጫሽን ሳይጫን መያዝ አለበት፤ ከውጭ በሁለት ጣት ጨምቀሽ መዝጋትም መቻል አለብሽ። ጆሮሽን ከግፊቱ ጋር የምታስተካክዪው አፍንጫሽን ይዘሽ ቀስ ብለሽ በመንፋት ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕሩ ወለል ሁለት እጥፍ ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ ታደርጊዋለሽ። የመዋኛ መነጽር ለጠለቃ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ውስጡ በአፍንጫ አየር ስለማይሞላ ግፊቱ ዓይንን ይመጠምጣል። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነው የስኖርክል ማስክም ለጠለቃ አልተሠራም፤ ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትወስጂው።

የጸጉር ነገር ደግሞ ሻጮቹ አያነሱትም። ከሲሊኮኑ ጠርዝ ሥር የገባች አንዲት ዘለላ ጸጉር ውኃ ታስገባለች። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ግንባርሽ ላይ የሚወርድ አይኑር፤ ማሰሪያው የሚያርፍበት የጭንቅላትሽ ጀርባም ጉብታ አይኑረው፤ ካለው ይንሸራተታል። የጎማ ማሰሪያውን በኒዮፕሪን (ለስላሳ ስፖንጅ መሰል ጎማ) ቀይሪው፤ ጸጉር አይነጭም። ሲያፈስ ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ አብዝተሽ ከጎተትሽው ጠርዙ ይታጠፍና ይብስበታል። መነጽር የምታደርጊ ከሆነ የዓይንሽ ቁጥር ያለው መስተዋት የሚገጠምላቸው ማስኮች አሉ። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ስስ ቅባት ይዞ ስለሚመጣ ጉም ይሠራል፤ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ውስጡን በጥርስ ሳሙና ደጋግመሽ እሺው።

ጫማ ያልኩሽ ኤይላት ላይ ብዙ ጊዜ ከዳርቻው በእግር ስለሚገባ ነው። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ረጃጅም እሾህ ያላት የባሕር ጃርትም አለች። ወፍራም ሶል ያለው የኒዮፕሪን ቡት ያስፈልግሻል። መቅዘፊያውን (ፊን የሚሉትን) ተረከዙ ክፍት የሆነውን ተከራዪና በዚሁ ቡትሽ ሞክሪው። በጣም ጠንካራው ለጀማሪ እግር ቁርጥማት ያመጣል።

ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቀውን የጠለቃ ልብስ) ለመግዛት አትቸኩዪ። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ ልብሱ አንገትና ወገብ ላይ ክፍተት ካለው ውፍረቱ ብዙ አይረዳሽም። እዚህ ውኃው በብርዱ ወራት መጨረሻ 21 ዲግሪ አካባቢ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ 27 አካባቢ ነው። ከፋሲካ በፊት ስለምትገቢ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ጠይቂ፤ ስትወጪም ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ስለሚያንቀጠቅጥ ጃኬት ይኑርሽ። ቀይ ባሕር ከሌሎች ባሕሮች ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ያንሳፍፋል፤ ሌላ አገር የጠለቀ ጓደኛሽ የነገረሽ ለመስመጥ የሚታሰረው የእርሳስ ክብደት እዚህ ሊያንስሽ ይችላል። ባለ 12 ሊትር ታንክ በ200 ባር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ብቻ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ መጨረሻው ታንኩ ሲቀል ሽቅብ እንዳትነሺ ክብደቱን ስትለኩ ይህንንም አስቡበት።

ሬጉሌተርና ቢሲዲ (አየር እየተነፋ የሚያንሳፍፈው ጃኬት) ውድ ናቸው። ሬጉሌተር ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ በባለሙያ ይፈተሻል፤ በዓመት ጥቂት ቀን ለምትጠልቂ ያ ወጪ አያዋጣም። ስትከራዪ ግን ዝም ብለሽ አትቀበዪ። ታንኩ ተከፍቶ ጌጁን (የታንኩን ግፊት መለኪያ) እያየሽ ጥቂት ጊዜ ሳቢ፤ በሳብሽ ቁጥር መርፌው የሚወርድ ከሆነ ዕቃውም ሆነ የታንኩ መክፈቻ ይታይልሽ። ለጓደኛ የሚሰጠውን ሁለተኛ አፍም ተንፍሺበት። አየሩ የዘይት ሽታ ካለው እምቢ በዪ። ቢሲዲውን ሙሉ ንፊው፤ ደረትሽን የሚያስጨንቅ ከሆነ ሌላ ቁጥር ጠይቂ፤ የመንፊያው ቁልፍም ተጭነሽ ስትለቂው የማይጣበቅ መሆኑን እዪ። ይህን ስትጠይቂ ፊቱን የሚያጠቁርብሽ ሠራተኛ ካለ፣ አደራ፣ ሌላ ማዕከል ሂጂ።

በጠለቃው ከቀጠልሽ ቀጥሎ የምትገዢው ውድ ዕቃ የዳይቪንግ ኮምፒውተር ይሁን። ሰውነትሽ ውስጥ የገባውን ናይትሮጅን እያሰላ ስንት ደቂቃ እንደቀረሽ፣ ከጠለቃ በኋላም ለመብረር ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለብሽ ያሳይሻል። ከፍታ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ ይህ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ኮርሱ ለተከታታይ ቀናት ስለሚያስጠልቅሽ ከመጨረሻው ጠለቃ እስከ በረራሽ ቢያንስ 18 ሰዓት ይኑር፤ እኔ ሙሉ ቀን እጠብቃለሁ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከአውሮፕላን ስትወርጂም ያው ከፍታ ላይ ነሽ። ወደ ሰሜን በመኪና የምትመለሺ ከሆነም የሚጽፔ ራሞን መንገድ ከ800 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በዚያው ቀን ከሆነ ዝቅ ባለው በአራቫ ሸለቆ በኩል ያለው ይሻልሻል፤ ቤትሽ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ግን ኤይላት እደሪ።

ያገለገለ ዕቃ ካገኘሽ ቡትና መቅዘፊያ ያለ ስጋት ግዢ። ማስክም ሲሊኮኑ ካልደረቀና ቢጫ ካልሆነ ችግር የለውም። ያገለገለ ሬጉሌተር ግን የፍተሻ ወረቀት ከሌለው በነጻ ቢሰጡሽም ተዪው።