በሩን ላስቀባው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ መኪናዬን ልሸጥ ነው። የግራ የኋላ በሯ ላይ ረጅም ጭረት አለ። የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ደግሞ ከ3 ዓመት በፊት ተጋጭቶ፣ ባትላሜራ ገብቶ፣ በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ነው፤ አሁን ሲያዩት ምንም አይመስልም። ደላላው «በሩንም አስቀባውና ዝም በል፣ ውሉ ላይ ‹ባለችበት ሁኔታ› ብለን እንጽፋለን» ይለኛል። አንድ ገዢ «የተቀባ ነገር አላት?» ብሎ ጽፎልኛል፣ እስካሁን አልመለስኩለትም። በኋላ ቢከሰኝስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭረቱን ተወው፣ እሱ አያስከስስህም። እኔን ያሳሰበኝ ያ ምንም የማይመስለው ፓራፋንጎ ነው።

የት አገር እንዳለህ አልጻፍክም፣ የሽያጭ ሕግ ዝርዝሩ ደግሞ እንደየአገሩ ይለያያል። መሠረቱ ላይ ግን ብዙዎቹ ይቀራረባሉ። ገዢ ዓይኑን ከፍቶ ቢያይ የሚያገኘው ጉድለት የራሱ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1642 ገዢው ራሱ ሊያየው ይችል ለነበረ ግልጽ ጉድለት ሻጩ አይጠየቅም ይላል። የበርህ ጭረት ከሩቅ ይታያል። ገዢው አይቶት፣ እሱን ምክንያት አድርጎ ዋጋ አስቀንሶ፣ ፈርሞ ከወሰደ በኋላ ከወር ቆይቶ «ጭረት አለባት» ብሎ ቢመጣ ሰሚ አያገኝም።

ፓራፋንጎው ግን አይታይም። የጀርመን ፍርድ ቤቶች እዚህ ላይ ጥሩ መስመር አስምረዋል፤ ቀላል የቀለም ጭረትን ሻጭ ሳይጠየቅ ባይናገር ችግር የለውም፣ ቆርቆሮ የተጎዳበት ግጭት ግን ገዢው ባይጠይቅም መነገር አለበት። ሌላ አገር እስከዚህ ላይሄድ ይችላል። አንተ ግን ተጠይቀሃል! ተጠይቆ «የለም» ማለት የትም ቢሆን ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ የ1952 ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1704ን ብትወስድ፣ ገዢው ባይታለል ኖሮ ውሉን የማይገባ ከነበረ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ፈረሰ ማለት ገንዘቡን መልሰህ መኪናዋን ትረከባለህ ማለት ነው፣ ያውም ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ካዋልከው በኋላ።

«ባለችበት ሁኔታ» የምትለዋን ሐረግ ደላሎች እንደ ጋሻ ነው የሚያዩአት። አንተ ራስህ የማታውቀው ጉድለት ቢመጣ ልትጠቅምህ ትችላለች። አውቀህ የደበቅከውን ግን አታድንም፤ የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 444 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ደላላው በአንተ ስም ለገዢው የሚናገረውም ዞሮ አንተ ላይ ሊመጣ እንደሚችል አትርሳ።

ደግሞስ ይደበቃል ወይ? የቀለም ውፍረት መለኪያ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ነው። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ይነበባል፣ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ብዙ መቶዎች ይዘላል። ገዢው ኮፈኖውን ለክቶ፣ በሩን ለክቶ፣ ፓራፋንጎው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ያይሃል።

ስለዚህ በሩን ባታስቀባው እመርጣለሁ። አሁን ማንም የሚያየው ተራ ጭረት ነው። ብታስቀባው መለኪያው በአንድ በኩል የተቀባ ፓራፋንጎ፣ በሌላው በኩል የተቀባ በር ያሳያል፣ ገዢውም ሁለቴ የተጋጨች መኪና ነው የሚታየው፣ «ጭረት ብቻ ነበር እኮ» ብትለው ማን ያምንሃል? ጥፍርህን ጭረቱ ላይ አሳልፈው። ካልያዘው የላይኛው ግልጽ ሽፋን ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በጥሩ ፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል። ጥፍርህን ከያዘው እንዳለ ሽጠው። የግድ ላስቀባ ካልክ ግን ከመቀባቱ በፊት ጭረቱን በደንብ ፎቶ አንሳው፣ የጋራዡንም ደረሰኝ ያዝ።

ውሉ ላይ በዚያች በጥቅል ሐረግ ፋንታ እንዲህ አስጽፍ፦ «ገዢ መኪናዋን በቀን ብርሃን መርምሮ፣ የግራ የኋላ በር ላይ ያለውን ጭረት አይቶ፣ የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ከግጭት በኋላ በስቱኮ ተጠግኖ መቀባቱ ተነግሮት ተስማምቷል።» በኋላ «አልነገረኝም» ቢል ፊርማው አለ። የርክክቡን ቀንና ሰዓትም ጻፉ። ከፊርማ እስከ ርክክብ ባለው ጊዜ አዲስ ጭረት ቢወጣ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ራሳችሁ በውሉ ብትቆርጡት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የራሱን መኪና ለሚሸጥ ሰው ነው። ሥራህ መኪና ገዝቶ መሸጥ ከሆነ በብዙ አገሮች ግዴታው ይከብዳል፣ ያኔ እንደገና ጻፍልኝ።

ለገዢው ደግሞ ዛሬውኑ መልስለት፣ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፦ «አዎ፣ የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ተጋጭቶ ተሠርቷል፣ በሩ ላይ ጭረት አለ፣ መጥተህ እያት፣ መለኪያም ካለህ ያዝ።» መልእክቱን እንዳታጠፋው።