ለፍኖተ ሰላሟ እህት፦ ያቺ መስመር ውሉ ላይ ሳትገባ ቀብድ እንዳትከፍዪ

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍኖተ ሰላም ሆነሽ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከቤትሽ እንደምትሠሪ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በባንክ ብድር ቤት ልትገዢ እንደሆነ፣ ሻጩ ደግሞ «እስከ ዓርብ ቀብድ ካልከፈልሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ» እንዳለሽ ጽፈሻል። ባንክ እንዲህ ላለ ሠራተኛ ያበድራል ወይ ነው ጥያቄሽ። ያበድራል። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ተበድሬ ገዝቻለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽም በዚያው ቤት ሆኜ ነው። ግን መጀመሪያ 90 ሺህ ብር አጥቻለሁ፤ ያጣሁትም አንቺ ዓርብ ልታደርጊ ያሰብሽውን በማድረጌ ነው። የወለዱንና የቅጹን ነገር ሌሎች ነግረውሻል፤ እኔ የቆሰልኩበትን ልንገርሽ።

1. ቀብድ

ጥቅምት 2016 ላይ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ አንድ ቤት አገኘን። ብሎኬት ነው፤ ሦስት ክፍል፣ 200 ካሬ ግቢ፣ በጓሮው ሁለት ጌሾና አንድ ያረጀ ኮክ ነበረው። ባለቤቴ ኮኩን ካየች በኋላ ሌላ ቤት ለማየት እግሯን አላነሳችም። ሻጩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዋጋው 2 ሚሊዮን። ደላላው «ነገ ሌላ ሰው ይዤ እመጣለሁ» እያለ ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳን። በሦስተኛው ቀን 150 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩና ቀሪውን በ60 ቀን ውስጥ ለመክፈል ፈረምኩ። የውሉን ወረቀት ጽፎ ያመጣው ደላላው ነው። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ የድርጅቴ ገንዘብ ቢሆን እያንዳንዷን መስመር ሳላይ አልፈርምም ነበር። በራሴ ገንዘብ ላይ ግን አንዲት መስመር መጉደሏን አላየሁም፦ ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል የምትለዋን።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ባንክ ሲከለክልሽ አፍራሿ አንቺ ትሆኛለሽ። ሻጩ ምንም አላደረገም፤ ቤቱን ይዞ ጠብቆሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ እኔም የባንኩን እሺታ እንደ ደረሰ ነገር ቆጥሬው ነበር። ደመወዜ ጥሩ፣ ዕዳ የለብኝ፣ አምስት ዓመት በአንድ ድርጅት የሠራሁ፤ ምን ይጎድለኛል አልኩ።

2. ደብዳቤው፣ መታወቂያውና ስልኩ

ቀብዱን በከፈልኩ በማግስቱ ባንክ ሄድኩ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ወረቀቶቼን ሳያገላብጥ መታወቂያዬን አነሳ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ሥራ» የምትል ቦታ አለች አይደል? የእኔ ላይ «ተማሪ» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያወጣሁት ነው። ጣቱን እዚያች ላይ አሳርፎ ወደ እኔ አዞረው።

«ተማሪ ነህ?»

«አይደለሁም። አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ነው የምሠራው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እዚሁ ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው፤ በኢንተርኔት።»

«ቤት ተቀምጦ ደመወዝ!» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔ በየወሩ የ64 ሰው ደመወዝ የምሠራ፣ ጡረታውንና ግብሩን አስልቼ በሰዓቱ የማስገባ ሰው ነኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ ኦዲተር መጥቶ የእኔን መዝገብ አይቶ ይሄዳል፤ አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን በተወለድኩበት ከተማ ሥራ ፈት ተብዬ ቆምኩ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። የማያውቁትን የሥራ ዓይነት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሰውን በሰው ፊት ማሳነስ ግን ነውር ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ መታወቂያሽን አገላብጠሽ እይ። «ሥራ ፈላጊ» ወይም «ተማሪ» የሚል ከሆነ ደብዳቤ ይዘሽ ቀበሌ ሂጂና አስቀይሪ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ።

ደብዳቤው ግን የባሰ ነበር። ድርጅቴ የደመወዝ ማረጋገጫውን ጽፎ፣ ማህተም አድርጎ፣ ስካን አድርጎ በኢሜይል ላከልኝ። አትሜ ወሰድኩ። ሠራተኛው ማህተሙን በአውራ ጣቱ ፈተገውና «ይሄ ኮፒ ነው፤ ዋናውን አምጣ» አለኝ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደህናው ጊዜ ጠዋት በመኪና የተላከ ፖስታ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ከሰዓት እጅሽ ይገባል። ያን ሰሞን ግን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ወረቀቷ 19 ቀን ፈጀች። ከ60 ቀኔ ላይ 19ኙ እንዲሁ ሄደ። ዋናውን ስወስድለት ደግሞ ደብዳቤው «ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ በርቀት ይሠራል» ስለሚል «እንግዲህ ደውለን እናጣራለን» አለኝ።

ደወሉ። የደወሉት በደብዳቤው ራስ ላይ ወዳለው የመደበኛ ስልክ ነው። ያነሳው የጥበቃ ሠራተኛው ነበር። ስሜን ጠሩለት። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም፤ ገብቶም አያውቅም» አላቸው። ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የተናገረው። በአምስት ዓመት ውስጥ ቢሮው የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተቀጠረ ገና ስምንት ወሩ። ፋይሌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ተጻፈ። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ራሷ ደውላ ብታስረዳም ያችን ቃል ሊሰርዝልኝ የፈቀደ ሰው አልተገኘም። «ወደ ላይ ልከነዋል፤ ጠብቅ» ብቻ ነበር መልሱ።

በኋላ እንደገባኝ ችግሩ የእኔ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለቤት ብድር የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጠብቦ ነበር። ይህን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ መምህሩ ዘንድ ሄጄ በጊዜ እማጠናቸው ነበር። አንቺ ግን ፊት ለፊት ጠይቂ፦ «አሁን የቤት ብድር እየለቀቃችሁ ነው ወይስ ተራ ነው የምታስይዙኝ?» በይ። ይህን መልስ ሳትሰሚ አንድም ወረቀት አታስገቢ።

60ኛው ቀን አለፈ። መምህሩ «ልጄ፣ እኔም ለልጄ ሕክምና ብዬ ነው የምሸጠው፤ ሌላ ገዢ አለ» አሉኝ። ሦስት ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄደው ተቀመጡ። ሕጉ ከእሳቸው ጋር እያለ 60 ሺህ መለሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ቂም የለኝም። 90 ሺው ግን ቀረ። ባለቤቴ ለስድስት ወር ያህል በዚያ ሰፈር አላለፈችም።

3. ሁለተኛው ሙከራ

ወደ ተሳካው ልሂድ። በ2017 መጀመሪያ እንደገና ስነሳ ለቤቴ ቅርብ ወደሆነው ባንክ ሳይሆን ድርጅቴ ደመወዝ ወደሚከፍልበት ባንክ ሄድኩ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ድርጅቱን ያውቀዋል፤ የማርቆሱ ቅርንጫፍ ደውሎ የጠየቀው የራሱን ባልደረባ እንጂ የእኛን ጥበቃ አይደለም። ቤቱ ማርቆስ ስለሆነ ግምቱም፣ የመያዣ ምዝገባውም እዚሁ ነው የሚያልቀው፤ መያዣ የሚመዘገበው ቤቱ ባለበት ቦታ ነውና አዲስ አበባ መመላለስ የለብሽም።

ደብዳቤውን አስቀየርኩ። «ከቤቱ ይሠራል» የሚለው ቃል ነው ያስደነገጣቸው። እውነቱን ሳንለውጥ መጀመሪያ የሥራ ውሌን አሻሻልን፤ የሥራ ቦታዬ ደብረ ማርቆስ ከተማ እንዲሆን በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ ደብዳቤው «በቋሚነት የተቀጠሩ፣ ድርጅቱ በመደበው የሥራ ቦታ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚሠሩ» አለ። ጠቅላላ ደመወዜን፣ የቅጥር ቀኔን፣ የጡረታ መለያ ቁጥሬን ጨመሩበት። 7 በመቶ ከእኔ፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ በየወሩ እንደሚገባ የሚያሳየውንም አያያዝኩ፤ ለሌለ ሠራተኛ ጡረታ የሚከፍል ድርጅት የለም። ድርጅቱ ከሥራ ብለቅ ለባንኩ እንደሚያሳውቅም ግዴታ ገባ። ሦስት ዋና ቅጂ ነው ያስላክሁት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላውን አዲስ አበባ ድረስ እንዳልጠብቅ።

ሌላው ደመወዝሽ እንዴት ነው የሚገባው? የእኔ ዋናው በፔሮል ይገባል፤ 12 ሺህ ብር ያህሉ ግን በአበል ስም ከሥራ አስኪያጁ የግል ቴሌብር ነበር የሚላክልኝ። ባንክ ያችን አይቆጥራትም፤ ለእነሱ ወንድም ለወንድሙ የላከው ገንዘብ ናት። ሁሉም ወደ ፔሮል እንዲገባ አደረግሁ። ግብር ጨመረብኝ፤ ግን ጠቅላላው 52 ሺህ ሆኖ ታየ፣ ግብርና ጡረታ ተነስቶ የተጣራው 31,660 ብር።

የሁለተኛው ባንክ ባለሙያ አንዲት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ አንቺንም መጠየቋ አይቀርም። «ኢንተርኔት ሲጠፋስ ደመወዝህ ይቆማል?» አለችኝ። በ2015 ማብቂያ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ እኔ በመደበኛው መስመር ኢንተርኔት ነበር የምሠራው፤ ያ ሲቸግር ፋይሉን በፍላሽ ለሹፌር ሰጥቼ ልኬ አውቃለሁ። የዚያን ጊዜውን የባንክ ስቴትመንት አውጥቼ ፊቷ ዘረጋሁት። ከወር ወር አንድም ደመወዝ አልተዘለለም። በጣቷ እየቆጠረች ወርዳ «በቃ፣ ይሄ ይበቃኛል» አለች። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ያችን ቃል መስማቴ ልቤን ነው የሞላው። ስለዚህ የስድስት ወር ቢሉሽም የሁለት ዓመቱን አውጥተሽ ውሰጂ።

4. ግምቱ

ይህን ማንም አልነገረኝም። ባንክ የሚያበድረው በሽያጩ ዋጋ ላይ ሳይሆን የራሱ ኢንጂነር በገመተው ላይ ነው። አሁን ያለሁበትን ቤት የገዛሁት 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ኢንጂነሩ መጣ፣ ለካ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጓሮ ያለችውን የጭቃ ማድ ቤት ጭራሽ አልቆጠራትም። 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ገመተው። ከዚያ ላይ 70 በመቶ፤ የተፈቀደልኝ አንድ ሚሊዮን ብር። ስለዚህ ከእጄ ያወጣሁት «30 በመቶ ብቻ» ሲሉኝ እንደነበረው 660 ሺህ ሳይሆን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ከቁጠባዬ 760 ሺህ፣ ከዕቁብ 200 ሺህ፣ አባቴ የባሕር ዛፉን አስቆርጦ ሸጦ 180 ሺህ፣ የቀረውን 60 ሺህ ባለቤቴ ወርቋን ሸጣ። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶና የስም ማዞሪያው ከዚህ ውጭ ነው። በ16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት፣ በየወሩ 13,900 ብር ገደማ እከፍላለሁ። ፍኖተ ሰላም ያየሽው ቤት ጭቃ ከሆነ ግምቱ ከዚህም ሊያንስ ስለሚችል ከሁሉ በፊት ኢንጂነሩ ይየው።

የቀሩት ወረቀቶች ብዙም አያስቸግሩም። ያላገባሽ ከሆንሽ ያላገባሽ መሆንሽን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቁሻል፤ ካገባሽ ባልሽ አብሮ ይፈርማል። የሻጩ ካርታ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት በራስሽ ስም ጠይቀሽ አረጋግጪ፤ ደላላው ያመጣልሽን ወረቀት አትመኚ። ደግሞ ይህ ብድር ቀልድ እንዳልሆነ እወቂ፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እኔ ለዚህ ብዬ የሦስት ወር ክፍያ በሌላ ደብተር አስቀምጬ አልነካውም።

አሁን የዓርቡ ነገር። ሻጩ ዘንድ ብቻሽን አትሂጂ፤ አባትሽን ወይም አንድ የተከበረ የሰፈር ሰው ይዘሽ ሂጂ። «ቀብዱ ይኸው፣ ግን ይህች መስመር ትግባልኝ» በይ። እሺ ካለ ክፈይ፤ እምቢ ካለ ቤቱ ይሂድ፣ ሌላ ይገኛል። መስመሯን እንዲህ አድርገሽ በእጅ ጽሑፍ አስገቢያትና ሁለታችሁም ምስክሮቹም ጎኗ ላይ ፈርሙ፦

«ገዢ ለዚህ ቤት ግዢ የጠየቀችውን የባንክ ብድር ባንኩ ካልፈቀደ፣ ወይም ይህ ውል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ120 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ ሻጭ የተቀበለውን ቀብድ ሳይቀንስ በ10 ቀን ውስጥ ለገዢ ይመልሳል።»