ጋስትሮስኮፕን (ጨጓራን በካሜራ የሚያሳየውን ተጣጣፊ ቱቦ) ሳይቦርሹ መንከር ይበቃል ወይ ላሉት

ሲስተር፣ አይበቃም። ባለ 2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ (ጀርም ገዳይ ኬሚካል) ውስጥ 20 ደቂቃ ቢነክሩትም ቻናሉ (በስኮፑ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ቀዳዳ) ካልተቦረሸ አልጸዳም። እንዲያውም ኬሚካሉ የቀረውን ደምና ንፍጥ ግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

1. ስኮፑ ከታካሚው እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ከውጭ ይጥረጉት፤ ማጽጃውን በቻናሉ ይሳቡበት።
2. ውኃ ውስጥ ሳይገባ ሊክ ቴስት (ስኮፑ የሚያፈስ ቀዳዳ እንደሌለው መፈተሽ) ያድርጉ።
3. ቫልቮቹን አውልቀው፣ ብሩሹ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይቦርሹ። ትንሿ ቻናል ብትሆንም አትዘለል።
4. አለቅልቀው ከዚያ ይንከሩ፤ እንደገና ያለቅልቁ።

ማድረቁን ግን አደራ! እኛ ጋ አንዴ እርጥቡን ስኮፕ ሻንጣው ውስጥ አሳድረነው፣ ከቻናሉ በተወሰደው ናሙና ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በቀለ። አሁን በ70 በመቶ አልኮል አጥበን፣ አየር ነፍተንበት፣ ቫልቮቹን ሳንገጥም ቀጥ አድርገን እንሰቅለዋለን። ሻንጣው ለማጓጓዣ ብቻ ነው።