የጠበበው ርዕሱ ነው ወይስ ሙያው?

ውድ ጠያቂያችን፣

የጥርስ ሕክምና ተምረው እንደተመረቁ፣ የጂን ሜቲሌሽን (ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካል በዲኤንኤ ላይ መለጠፉ) እና የጂን አገላለጽ (ጂኑ ሥራ ላይ መዋሉ) በአፍ ካንሰር ውስጥ ያላቸውን ድርሻ በሕንድ አገር ለማጥናት የነፃ ትምህርት ዕድል እንዳገኙ፣ ዱባይ ሠርተው ያስተማሩዎት ታላቅ ወንድምዎ ግን ክሊኒክ እንዲከፍቱ እንደሚሹ ጽፈዋል። ይበልጥ ያስጨነቀዎት «ይህን የጠበበ ነገር ተምሬ ስመለስ ማን ይቀጥረኛል?» የሚለው ነው።

ወደ ማማከር ከመግባቴ በፊት በፓቶሎጂ (ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ በሚመረመርበት) ላቦራቶሪ ለዓመታት ስለሠራሁ በዚህ ላይ የጸና አቋም አለኝ፤ የሚጠበው የመመረቂያው ርዕስ እንጂ ሙያው አይደለም። ትምባሆና ጉትካ (ትምባሆ ያለበት ቅይጥ) ማኘክ በተስፋፋበት ሕንድ የአፍ ካንሰር ታማሚ ብዙ ስለሆነ ናሙና አይቸግርዎትም። ፒ16ን የመሰለ ዕጢ ገቺ ጂን መነሻው ላይ ሜቲል ሲበዛበት፣ የዲኤንኤው ቅደም ተከተል ሳይለወጥ ጂኑ ሥራውን ያቆማል፤ ሕዋሱም ያለ ልጓም ይባዛል። ይህን ለማየት ዲኤንኤው ባይሰልፋይት ከሚባል ኬሚካል ጋር ይዋሃዳል፤ ሜቲል የሌለበት ሳይቶሲን (አንዱ የዲኤንኤ ፊደል) ዩራሲል ወደተባለ ሌላ ፊደል ሲለወጥ ሜቲል ያለበት እንደነበረ ይቀራል፣ ልዩነቱንም ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚመረምር ዘዴ) ይለያል። ሆኖም ሜቲል መገኘቱ ብቻውን የጂኑን መዘጋት ስለማያረጋግጥ፣ ከዚያው ሥጋ አርኤንኤውን (ከጂኑ የሚቀዳውን መልእክት) ወይም ፕሮቲኑን መለካት ግድ ነው። ባይሰልፋይት ዲኤንኤን ይቆራርጣል፤ አርኤንኤም በአያያዝ ጉድለት ፈጥኖ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቁራጩ ከታማሚው አፍ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መጠንቀቅን ይለምዳሉ። እንዲህ የሠለጠነ እጅ ለቲቢም፣ ለኤችአይቪም፣ ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራም ይፈለጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ በገባ ጊዜ ፒሲአር የሚያውቅ ባለሙያ እንዴት ይፈለግ እንደነበር ሁላችንም አይተናል።

ወንድምዎ የከፈሉልዎት ትልቅ ውለታ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራዎን የመምረጥ መብት ግን አልገዙበትም። በሌላ ሐኪም ሥር ሳይሠሩ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ የጥርስ ወንበርና የመሣሪያ ማምከኛ ገዝተው በኪራይ ቤት ክሊኒክ ቢከፍቱ፣ መጀመሪያ የሚያልቀው የእርሳቸው ገንዘብ ነው። ይህን ደውለው በግልጽ ይንገሯቸው፤ ሥራ ሲይዙ በየወሩ የሚመልሱትንም አብረው ይወስኑ።

ዕድሜዎ ሃያ ስምንት መሆኑንና ስታትስቲክስ እንደሚያስፈራዎትም ጽፈዋል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ለመጀመር አልረፈደም። የስታትስቲክሱን ፍርሃት ከአሁኑ በመለማመድ ያቃልሉት።

ዕድሉን ከመቀበልዎ በፊት ግን አማካሪ ፕሮፌሰሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከዕጢውና በአጠገቡ ካለው ጤነኛ ሥጋ የተወሰደ ጥንድ ናሙና አለ ወይ፣ ሥራውን በገዛ እጅዎ ይሠሩታል ወይስ የተዘጋጀ መረጃ ብቻ ይሰጥዎታል፣ የኬሚካሉንስ ወጪ ማን ይሸፍናል?